ሦስት ዙር የዞረ መቀነት

ጣሊያን ከተማውን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ሲገባ፣ የኮልፌዋ ቅቤ ነጋዴ ዋጋነሽ ልጇ አልማዜ ማርገዟን ሰማች። ወሬውን ያመጣው አማቿ ነገሬ ነበር። ከወጨጫ ተራራ ሥር በእግሩ መጥቶ፣ ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነገራት። ልጁ የሚወለደው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። አልማዜን ግን ወደ እናቷ ቤት ማምጣት አይችልም፤ ኬላው ላይ ወታደሮቹ መንገደኛውን ፀሐይ ላይ ሲያቆሙት ይውላሉ።

«እርስዎ ይምጡልን» አላት። «እናቴን፣ እናቴን ስትል ነው የምትውለው።»

ዋጋነሽ እሺ አለች። ነገሬ ከሄደ በኋላ ቁጭ ብላ እግሮቿን አየቻቸው። ድሮ ወደ ልጇ የምትሄደው በበቅሎ ነበር። በቅሎዋን ባለፈው ክረምት ወታደሮቹ ለጭነት ወስደውባታል። በእግሯ ከሆነ ደግሞ ከገበያ እስከ ቤቷ እንኳ ሦስት ጊዜ ሳታርፍ አትደርስም። ሰፈርተኛው ገና ሳያያት በትንፋሿ ነበር የሚያውቃት።

ውፍረቷ ከንግዱ ጋር የመጣ ነው። ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ከቤት ቤት ስታደርስ የማያበላት ደንበኛ የለም። «በሞቴ» ከተባለ ደግሞ እምቢ አይባልም። ሰው በሞቱ ምሎ የዘረጋውን ጉርሻ መመለስ ሞቱን እንደ መውደድ ነው።

በዚያው ሳምንት፣ ከስታ ልጇ ዘንድ በእግሯ እንድትደርስ፣ ለመድኃኔዓለም ተሳለች። ቀኑን ሙሉ እህል ላትቀምስ፣ ማታም ከአንድ እፍኝ ቆሎ ላታልፍ። በሦስተኛው ቀን የዘወትር ደንበኛዋ ካሳነሽ «በሞቴ» ብላ ጉርሻ ስትዘረጋላት አንገቷን ደፋች። የካሳነሽ እጅ አየር ላይ ቀረ። ምን እንዳስቀየመቻት፣ ቤቷን ለምን እንደ ተጠየፈችው ጠየቀቻት፤ ዋጋነሽ ስለቷን ሳትነግራት ወጣች። ከዚያ በኋላ ካሳነሽ ቅቤዋን ከሌላ ገዛች። በዘጠነኛው ቀን ወንዙ ዳር ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆነባትና ወደቀች። ሰዎች ደግፈው ቤቷ አስገቧት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት፣ ሆዷን ካሳ እንደምትክስ ሁሉ፣ በላች። ታኅሣሥ ሲጋመስ ሁለት ዙር ይዞራት የነበረው መቀነት ለመቋጠሪያ እንኳ አልተረፋትም።

ሊጠይቋት ከመጡት መካከል አንዷ ጉዲቱ ነበረች። ከቀራንዮ ማዶ በየማለዳው ወተት በቅል ይዛ የምትመጣ፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች አሮጊት ናት። ዋጋነሽ ለሌላ ያልነገረችውን ለእሷ ነገረቻት።

«አዴ ጉዲቱ፣ ይህን ሁሉ መንገድ እርስዎ እንዴት ቻሉት?»

«ጥጃ እንኳ በአንድ ቀን ጡት አይተውም» አለች ጉዲቱ። «ነገ እስከዚያች ባሕር ዛፍ ሸኚኝ። ሳይደክምሽ ተመለሺ። ከደከመሽ በነጋታው ትቀሪያለሽ።»

«በሞቴ ሲሉኝስ?»

«አንዱን ጉረሺ። ለቀረው የኮባ ቅጠል አለሽ አይደል? ቀራንዮ ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን በስምሽ አደርስልሻለሁ በያቸው። ምጽዋትን ማን ይቀየማል?»

እንዲህ ተጀመረ። ማለዳ ጉሙ ሜዳው ላይ ተኝቶ ሳለ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ እግር የሌላቸው ይመስላሉ፣ በጉሙ ላይ የሚንሳፈፉ። መጀመሪያ እስከ ባሕር ዛፏ ነበር። በጥር እስከ ወንዙ ሆነ። ከዚያ ጉርሻ የተጠቀለለበትን ኮባ ይዛ እስከ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ደጅ። አንዳንድ ቀን ዋጋነሽ የምትራመድ ሳይሆን መንገዱ ራሱ ከሥሯ ቀስ እያለ የሚያልፍ ይመስላት ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅቤ የሚገዛ ጠፋ፤ ጊዜዋ ሁሉ የእግሯ ሆነ። ፋሲካም መጣ፤ ዶሮውን ቀመሰች እንጂ አልተበቀለችበትም።

ካሳነሽ አንድ ቀን ራሷ ጠርታ፣ ለነዳያኑ ብላ እንጀራ ጠቀለለችላት፤ ቅቤም ገዛች። ሰፈሩ ግን በበቅሎዋ ሐዘን ነው የከሳችው ይል ነበር። ጎረቤቷ መሸሻ ባያት ቁጥር፣ ለበቅሎዪቱ ተዝካር አውጥታ ሐዘኑ እንዲወጣላት ይመክራታል። እሷ ትስቅና ታልፋለች። መቀነቷ ሦስት ዙር ዞሮ ጫፉ መንጠልጠል ጀምሮ ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነገሬ የላከው ሰው ደረሰ፤ ምጡ ጀምሯታል አለ። ዋጋነሽ አንድ ጥቅል ቅቤ በቅርጫት ይዛ ወጣች። ጉዲቱ እስከ ኮረብታው ሸኘቻት። ኬላው ላይ ወታደሮቹ ከሌሎቹ ጋር አሰለፏት፤ ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ቆመች። ጉልበቷ አልከዳትም። ሲለቋት ተራራው ከፊቷ ሰማያዊ ሆኖ፣ እንደ ተኛ ከብት፣ ይጠብቃት ነበር።

አልማዜ ቀኑን ሙሉ የእናቷን ትንፋሽ ከደጅ ስታዳምጥ ነበር። ምንም ስላልሰማች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ቅቤ ቅቤ የሚሸት እጅ ግንባሯ ላይ አረፈ።

«እናቴ? ትንፋሽሽን እኮ አልሰማሁም።»

«መንገድ ላይ ጥዬው መጣሁ» አለች ዋጋነሽ።

ጎሕ ሲቀድ እልልታው ሦስት ጊዜ ተሰማ፤ ሴት ልጅ ናት። ዋጋነሽ መቀነቷን ፈታች። የልጇን ባዶ ሆድ ጠበቅ አድርጋ አሰረችበት፤ ያ ረጅም ጨርቅ ለአልማዜም ሦስት ዙር በቃ።

ከዚያ ገንፎው ቀረበ፤ ከኮልፌ የመጣው ቅቤ መሐሉ ላይ ቀልጧል። የጎረቤት ሴቶች ጉርሻቸውን ይዘው ከግራም ከቀኝም በሞቴ እያሉ ወደ ዋጋነሽ ዘረጉ። እሷ ወዲያና ወዲህ ስታይ፣ የመንገዱንና የጉርሻውን ነገር ሌሊቱን ከእናቷ የሰማችው አልማዜ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ ከገንፎው ቆረሰችላት።

«ተዉአት» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ፣ አንድ ብቻ ጉረሺ። ለክርስትናዋም በእግርሽ ትመጪልኛለሽ።»

ሴቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ዋጋነሽ ከልጇ እጅ አንዱን ጎረሰች፤ እስኪያልቅም ድረስ ዓይኗን ጨፍና አጣጣመችው።