ለአራት ዓሣ የተቆረጠ ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ወጥ ቤቴ ገብቶ የውሃ ማጣሪያ ሲገጥምልኝ፣ «ቲቸር፣ ለመጠጥ ነው አይደል?» አለኝ። «አይደለም፣ ለዓሣ ነው» አልኩት። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ነው የሳቀው። እኔም ፊቴን ሳልፈታ፣ «ሳቅህን ጨርስና አጥብቀው፣ ያንጠባጥባል» አልኩት። አርባን ካለፍኩ ወዲህ ሰው ሲስቅብኝ አልደነግጥም። እውነቱን ለመናገር በሃያ አራት ዓመቴም ብዙ አልደነገጥኩም።

ያኔ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ሶዶ በተማሪና በባጃጅ መሞላት የጀመረችበት ጊዜ ነው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ተቀጥሬ፣ ከአባቴ ጋር ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው ሰፈራችን እኖር ነበር። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አባዬ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤ ሲከፋው አይቆጣም፣ መነጽሩን ነበር የሚጠርገው። አንድ ሆቴል ሲዘጋ ጥጉ የተሰነጠቀ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ሊጥሉ ሲሉ ለምኜ ወሰድኩና በሲሊኮን ደፍኜ ሳሎን አቆምኩት። ከአዲስ አበባ በፌስታል ውሃ ታቅፌ ያመጣኋቸው የመጀመሪያዎቹ ዓሦች ግን ሳምንት አልቆዩም። ሻጩን በስልክ ብጠይቀው፣ «ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ነገር ይይዛል?» አለኝ። ይይዛል እንጂ! «እንግዲያው ውሃችሁ የድንጋይ ጨው የሟሟበት፣ ጠጣር ነው። እነዚህ ዓሦች ለስላሳ ውሃ ነው የሚፈልጉት። አር ኦ የሚባል ማጣሪያ አለ፤ እሱን ካልገዛሽ አትድከሚ» አለኝ። ገዛሁት። ሌሎች አራት ዓሦችም አመጣሁ።

ማጣሪያው ሦስት ነጫጭ ቀፎዎች፣ በላያቸው የተጋደመ አንድ ቀጭን ቱቦ፣ ከጎኑ ደግሞ የውሃውን ግፊት የምታሳይ ሰዓት የመሰለች ትንሽ ጌጅ ነበረው። ውሃው በግፊት ስስ ወንፊት ውስጥ ያልፋል፤ ንጹሑ በአንድ በኩል ጠብ ጠብ ይላል፣ ጨዉን የተሸከመው በሌላ በኩል ይወጣል። የሚወጣው ከሚጠራው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ግፊት ከሌለ ደግሞ ምንም የለም። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነበር።

የገጠመልኝ ታሪኩ የሚባል የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ውሃው እንደመጣ ከፈትነው፤ የጌጇ ቀስት ሦስት ላይ ቆመች። እልል ልል ነበር። ወዲያው ከታች በኩል የሆነ ነገር ማጓራት ጀመረ፤ ቀስቷም ተንሸራታ ዜሮ ላይ አረፈች።

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም» አለ ታሪኩ አጥሩን እያየ። «የአቶ ዳንጎ ዲናሞ ነው። ከመስመሩ ቀጥታ ውሃ ይስብበታል። አንቺም ትንሽ ዲናሞ አስገቢ፣ ሌላ መላ የለውም።»

«ከጎረቤቶቼ ጉሮሮ ልንጠቅ?»

«ቲቸር፣ እኔ ቧንቧ ነው የምገጥመው።»

አቶ ዳንጎ ማን መሰላችሁ? የሰፈሩን የውሃ ጉዳይ እንዲከታተል በቀበሌ የተሰየመ ሰው ነው! ዲናሞው ሲያጓራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ሰማሁ የሚል ግን አልነበረም።

የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። ዲናሞው ከመነሳቱ በፊት ባለችው ጊዜ አጣራለሁ፤ የሚወጣውን ውሃ ግን ቱቦውን በአጥሩ ሥር አሾልኬ ወደ ቦዩ ለቀቅሁት። መመሪያው ላይ «ወደ ፍሳሽ ይለቀቅ» ይላል፣ እኔም ለቀቅሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንዲህ የሚያደርግ የተማረ ሰው ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓርብ ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ቢጫ ጄሪካናቸውን እንዳንጠለጠሉ በራችን ላይ ቆሙ። እትዬ ማርታ ሲናደዱ በአማርኛው ሴትና ወንድ ይደባለቅባቸዋል።

«ይሄ ልጅ ምን ነካው? እኛ ጠብታ ስንለምን እሱ ቦይ ያጠጣል! እግዜርን አይፈራም?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸውና በዚያኑ ቀን ቱቦውን ቀጥዬ እስከ ግቢያቸው ሳብኩት። ጨው ቢበዛበትም ለልብስና ለዕቃ የሚሆን ውሃ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሦስት ጄሪካን ሞሉ፤ ለምሳ የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር በሳህን ላኩልኝ። ዳጣው ዓይን ያስለቅስ ነበር። ታረቅን ማለት ነው።

ወሬው ግን ቀድሞኝ ሄዷል። የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሰፈር ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው ልማት ነው፤ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ያለሁት እኔ ነኝ። አቶ ዳንጎ ደብተሩን ገልጦ፣ «ሕዝብ በተጠማበት ወቅት ውሃን ለመዝናኛ ማዋል ኪራይ ሰብሳቢነት ነው» አለ። በዚያ ዘመን ያልተከደነ ድስትም ኪራይ ሰብሳቢነት ነበር። «ወይ ማሽኑ ይነቀላል፣ ወይ የቤቱ መስመር ይቆረጣል» ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

አባዬ ከጎኔ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። «ተዪው ልጄ» አለኝ በሹክሹክታ። «በዓል ነው፣ ዘመድ ከቦምቤ ይመጣል። ቤት ያለ ውሃ እንዴት ይሆናል?» እውነቱን ነው። ዝም ብል ለእሱ ይሻለው ነበር። ግን ማጣሪያው ከተነቀለ አራቱም ዓሦቼ ያልቃሉ፤ አንዷ ደግሞ እንቁላል ይዛ ሆዷ ተነፍቷል። ደሜ ፈላ። እጄን አውጥቼ ተነሳሁ።

«አቶ ዳንጎ፣ ማሽኔ ላይ የግፊት ጌጅ አለ። ማክሰኞ ጠዋት ሁላችሁም ኑና እዩ። ቀስቷ ሦስት ላይ ትቆማለች፤ የእርስዎ ዲናሞ ሲነሳ ዜሮ ትገባለች። የሰፈሩን ውሃ የሚጠጣው የእኔ ዓሣ ነው ወይስ የእርስዎ ሮቶ ታንከር?»

አንድ ሽማግሌ ሳሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሥርዓት ያዢ!» አለ አቶ ዳንጎ።

«ይዣለሁ። እጄን አውጥቼ፣ አንቱ ብዬ ነው የተናገርኩት።»

በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ቆጣሪያችንን ነቀሉት። ምክንያቱ ማሽኑ አይደለም፤ «ስብሰባ በመረበሽ» ተባለ። አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ለራሴ ሳይሆን በስተርጅና ያለ ጥፋቱ ላስጠማሁት ሰው ነው ያለቀስኩት። አባዬ ወንበር ስቦ ገንዳው ፊት ተቀመጠ። እስከዚያ ቀን ዓሦቹን ትኩር ብሎ አይቷቸው አያውቅም።

«ሳራ» አለኝ፣ «የዝናብ ውሃ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ከየት አምጥቶ ይጠጥራል?»

ይህ ለባዮሎጂ መምህሯ አልታያትም ነበር! እስከ አዲስ አበባ ሄጄ ማጣሪያ የገዛሁለት ለስላሳ ውሃ ክረምቱን ሙሉ ከጣራችን ላይ ሲንዠቀዠቅ ነበር የከረመው። አባዬ አሮጌ በርሜል አሳጥቦ ከአሸንዳው ሥር አቆመ፤ የመስከረም ዝናብ ደግሞ ለሶዶ አይሰስትም። ለእኛ የሚጠጣውን ግን ከምንጭ ነበር የምናመጣው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከረቫቱን አስሮ፣ ጄሪካኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በአቶ ዳንጎ በር ፊት እያዘገመ ያልፍ ነበር።

«አባዬ፣ በዚያኛው መንገድ እኮ ይቀርባል» አልኩት አንድ ቀን።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ጊፋታ እንዳለፈ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እትዬ ማርታ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው ጄሪካን እንደያዙ አቶ ዳንጎ በር ላይ ተቀመጡ። ዲናሞው ሲነሳ በሩን አንኳኩ። «ውሃ ለጎረቤት አይከለከልም። አንተ ከሳብክ እኛም እንቅዳ» አሉት። ሁለት ማክሰኞ ቻለው፤ በሦስተኛው የዲናሞው ድምፅ ጠፋ። የእኛ ቆጣሪ ግን የተመለሰው ኅዳር ገብቶ ነው። ማንም ይቅርታ አላለንም። ዓሣዋ እንቁላሏን ጣለች፣ አብዛኛውንም ራሷ በላችው፤ ሰባት ተፈልፍለው አደጉልኝ።

አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህን ባወራሁ ቁጥር ሰው ሊያሳምርልኝ ይሞክራል፤ «ለፍትሕ ነው እኮ የቆምሽው!» ይሉኛል። ኧረ ተዉኝ! ያን ቀን ስነሳ ፍትሕ ትዝም አላለኝ። እኔ የፈለግኩት ዓሣ ነው። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ቁጭ ብዬ የማየው፣ የሚያምር፣ ለምንም የማይጠቅም ነገር በቤቴ እንዲኖር ነው የፈለግኩት። የሚጠቅም ነገር የፈለገ ሰው አይሳቅበትም፣ ስብሰባም አይጠራበትም። የሚያምር ነገር የፈለገች ሴት ግን ምክንያቷን በማመልከቻ እንድታቀርብ ይጠበቅባታል። ያኔ አልጻፍኩም፤ ዛሬም አልጽፍም።