የአዴ ሶረቲ ሲንቄ

ባሌ ኢንስፔክተር ግዛቸው ዕድሜውን ዘራፊ ሲያሳድድ የኖረ ፌዴራል ፖሊስ ነው። ለሥራ ከጎጃም መጥቶ እኔን የአሰላዋን አገባና እዚሁ ቀረ። ጡረታ ወጥቶ እንኳ ከሽጉጡ አይለይም፤ ጸሎት ቤት ሳይቀር ታጥቆት ይገባል፣ ሲተኛ ትራሱ ስር ነው። «ጌታ ጠባቂዬ ነው እያልክ በሽጉጥ ትዘምራለህ እንዴ?» እለዋለሁ። ማን ሰምቶኝ! የሚፈራው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሚልኬሳ።

ሚልኬሳ ያኔ፣ ግዛቸው ሥራ ላይ ሳለ፣ በጎበሳ መንገድ ስንዴ የጫነ አይሱዙ እያስቆመ የሚዘርፍ ነበር። ግዛቸው ከፖሊሶቹ ጋር ጎበሳ ያለውን የእናቱን ቤት ከበበ። ልጁ ከውስጥ ተኮሰ፤ ሊመልሱለት ሲሉ እናቱ አዴ ሶረቲ፣ አዴ በእኛ አገር እናት እንደማለት ነው፣ ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ መሃል ቆመች። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው። እሱን ይዛ የቆመችን ሴት ወንድ አልፎ አይሄድም። የአገሩ ልጆች የሆኑት ፖሊሶች መሣሪያቸውን ዝቅ አደረጉ። ጎጃሜው ባሌ ምኑን ያውቃል! «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጮኸና በትሩን በእጁ ገፋው።

ጉድ ፈላ! የመንደሩ ሴት ሁሉ የየራሱን ሲንቄ ይዞ እየጮኸ ከበበው። ለታ የሚባል ፖሊስ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ይጠይቁ፤ ትልቅ ነውር ነው የሠሩት» አለው። ያ ኩሩ ሰውዬ ቆቡን አውልቆ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

አዴ ሶረቲም «ልጄ አጥፍቷል፣ ውሰደው። ሬሳውን ግን እንዳታመጣልኝ» አለች። ማለላት። ልጇን በእጇ ይዛ አወጣችው፤ አሰላ እስኪደርሱም መኪናው ውስጥ በልጇና በባሌ መሃል ተቀመጠች። ሚልኬሳ ግን እስር ቤቱ በር ላይ ሲደርስ «የእናቴን ሲንቄ ገፍተሃል፤ ስወጣ ቤትህ እመጣለሁ» አለው። ከዚያ ወዲህ ባሌ እንቅልፍ የለውም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ፣ በጠዋት በሩ ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ ሚልኬሳ ነው፤ ሸብቷል። ግዛቸው ሽጉጡን ሊያመጣ ወደ መኝታ ቤት ሮጠ። እኔም ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ ቁም ሳጥን ጀርባ የጣልኩትን የእናቴን ሲንቄ ከነአቧራው አንስቼ በሩን ከፈትኩና ደፉ ላይ ቆምኩ።

ሚልኬሳ በትሩን ሲያይ ወደ ኋላ አለ፤ ኮፍያውንም አወለቀ።

«አዴ፣ ለጠብ አልመጣሁም። እናቴ ሌሊት አረፈች።» ድምፁ ተሰበረ። «‹ልጄን ያልገደለብኝ ያ ፖሊስ አፈር ያልብሰኝ› ብላለች።»

ግዛቸው ከኋላዬ ቆሞ ሰምቷል። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሽጉጡን እጄ ላይ አኖረና ኮቱን ደርቦ ከሚልኬሳ ጋር ወጣ።

በአንድ እጄ ሽጉጥ፣ በአንድ እጄ ሲንቄ ይዤ እንባዬ ይወርዳል። «አንተ ሰው፣ ጋቢህን እንኳ ያዝ፣ ጎበሳ ይበርዳል!» ብዬ ጮህኩበት።