ባዶ የተባለው ቤታችን

ይህ የሆነው ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ስንኖር፣ ልጄ ትርንጎ አራተኛ ክፍል ሳለች ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ ደጄ ላይ መኪና ሲቆም በሰማሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

እኛ ሰፈር የመኖሪያ ወረቀት ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ከሻ፣ ማለት አፈሳው፣ መጣ ሲባል አንድ ዘዴ ነበረችን። ወረቀት ያላት ጎረቤቴ ዘይነባ እየዞረች በራችንን ከውጭ በጓጉንቸር ትቆልፍልናለች። ቤቱ ባዶ ይመስላል። እኛ ውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን ቁጭ ነው። «ዝም በሉ እንግዲህ፣ ሞታችኋል» ትለናለች ስትቆልፍ።

አንድ ጠዋት ስልክ የመሰለ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በመኪና መጡ። ከሻ መስሎን እንደ ልማዳችን ተቆለፈብን። አንኳኩ፣ ጠበቁ፣ ሄዱ። ተመስገን አልን።

ከክረምቱ በኋላ ወሬው መጣ። ለካ ሰዎቹ መንገድ፣ የቧንቧ ውኃና የጎርፍ መውረጃ የሚያልፍበትን ለማወቅ የከተማውን ቤት ሁሉ እየመዘገቡ ኖሯል። የእኛ ረድፍ ሰው አይኖርበትም ተብሎ፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ በላያችን ላይ ተሰምሯል። ቤቱ ከፈረሰ ትርንጎን ይዤ የምገባበት የለኝም። ቢሮ ሄጄ እንዳልጮኽ ወረቀት የለኝም። እንቅልፍ አጣሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አንድ መሐንዲስ ብቻውን መጣ። ዘይነባ ቁልፏን ይዛ ስትሮጥ ደጄ ላይ ደረሰባት። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ በቀዳዳው እያየሁ እሰማለሁ። ማን ይኖርበታል ሲላት ማንም አለችው።

ሳቀ። ውኃ የሚሸጡት የአህያ ጋሪዎች የሚቆሙበትም ቦታ በከተማው ሁሉ ተመዝግቦ ኖሮ፣ መሣሪያውን አውጥቶ አሳያት። በየቀኑ እኛ ረድፍ ላይ ይቆማሉ።

«ታዲያ ኻልቲ፣ ይህን ሁሉ ውኃ የሚጠጣው ግድግዳው ነው?» አላት፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

ትርንጎን በእጄ ይዤ ወጣሁ።

«እኛ ነን» አልኩት።

ወረቀት አልጠየቀኝም። ስንት እንደሆንን ጠይቆ መሣሪያውን ነካ ነካ አደረገና ወደሚቀጥለው በር አለፈ። ዘይነባ ከኋላው እየተከተለች፣ «ተነሡ፣ ሞት ይበቃችኋል» እያለች በሩን ሁሉ አስከፈተች።

ቦዩ ከሰፈሩ ጀርባ ባለው ሜዳ በኩል ዞረ። የተባለው የቧንቧ ውኃ ግን ከዚያ ሰፈር እስክንለቅ አልደረሰንም።

የምጠጣውን ውኃ ሳይቀር የሚያውቅ ነገር መኖሩ ዛሬም ያስፈራኛል። ያ መዝገብ ባይኖር ደግሞ ቤቴ ቦይ ነበር። መኪና ሲቆም አሁንም ልቤ ይመታል፤ በሬን ግን የምቆልፈው ከውስጥ ነው፤ ሲያንኳኩም እከፍታለሁ።