ከፍሬኑ የወጣው አረፋ

አባቴ ከታመመ ወዲህ አሮጌዋ ላንድሮቨሩ ደባርቅ ባለው ግቢያችን ውስጥ ቆማ ቀርታ ነበር። ዕድሜ ልኩን በእሷ ሰውና እህል ጭኖ ሊማሊሞን ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ያን ዓመት፣ ከሊማሊሞ በታች ወዳለው የትውልድ ደብሩ ለሚካኤል ንግሥ ካልሄድኩ ብሎ ያዘን። አውቶቡስ አለ፣ የዘመድ መኪና አለ ብንለው፣ «ሊማሊሞን በሰው እጅ ወርጄ አላውቅም» አለ።

እኔ ዳባት አስተምራለሁ፤ መኪና መጠገን ግን ከእሱ ነው የተማርኩት። የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ የፍሬኑን ዘይት የሚያግዱት ጎሚኒዎችም ደርቀው ያፈስሳሉ።

«ፍሬኑን ከሠራሁልህ አንተው ትነዳለህ» አልኩት። ፊቱ እንዴት እንደበራ! ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ዕቃውን ከጎንደር ገዝቼ ቅዳሜ ዕለት ቀየርኩት። የቀረው የፍሬኑ ዘይት መስመር ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነበር። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ ጎማው ዘንድ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ይከፍታል፤ አየሩ ከዘይቱ ጋር አረፋ እየሠራ ይወጣል። ቡሎኗ እስክትዘጋ ድረስ የረገጠው እግር መነሳት የለበትም፤ ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ልጅ ሳለሁ እሱ ከሥር፣ እኔ ከላይ ነበርን። «ርገጪ! ያዢ!» ይለኛል። አሁን ቦታ ተቀያየርን።

«ያዝከው?»

«ይዤዋለሁ።»

ከፈትኩ፤ አረፋ። ዘጋሁ። ደገምን፤ አሁንም አረፋ። ዘይቱ ሊያልቅ ደረሰ፣ አረፋው ግን አልቆመም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ ጎሚኒውን የሸጠልኝን ነጋዴ እስከ ሰባት ቤቱ ረገምኩት።

«አየሩ ከየት ነው የሚገባው? እውነት ይዘኸዋል?»

«ይዤዋለሁ አልኩሽ እኮ!» ብሎ ተቆጣ።

ጭንቅላቴን ከሥር አውጥቼ በተከፈተው በር አየሁት። በሁለት እጁ ጉልበቱን ወደ ታች ይጫናል። ግንባሩ በላብ ርሷል። እግሩ ግን እየተንቀጠቀጠ ከፔዳሉ ላይ ይንሸራተታል። ሳየው አየኝ። የመኪናቸውን ችግር የሚሸሽጉ ሾፌሮችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለ የሚገሥጽ እሱ ራሱ ነበር።

እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አነሳ። ኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጎረቤታችንን ጥሪው» አለኝ። «የሚረግጥ እግር ያለው ሰው ይምጣልሽ።»

ጎረቤታችን መጥቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። አባቴ በሩን ተደግፎ ቆመ፤ እኔም ተመልሼ ተኛሁ። አረፋው እንዳይቆም ለመንኩ። ጎሚኒው ይሁን፣ ነጋዴው አታሎኝ ይሁን፣ መኪናዋ አርጅታ ይሁን፤ ብቻ የእሱ እግር አይሁን። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ወጣ፣ ልቤም ተንጠለጠለ። ቀጥሎ ቀነሰ። ከዚያ ዘይቱ ጥርት ብሎ ወረደ።

«ወጣ?» አለ አባቴ።

«ወጣ፣ አባዬ።»

ቡሎኗን አጥብቄ ዘጋሁ። እያለቀስኩ ስለነበር ቶሎ አልተነሳሁም። ከተኛሁበት የሚታየኝ የአባቴ ጫማ ብቻ ነው። ከሾፌሩ በር ተነሥቶ፣ በመኪናዋ ፊት ቀስ እያለ ዞሮ፣ ወደ ማዶ ሄደ። የተሳፋሪው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ።