በመዝገቡ ላይ የሌለችው እኅቴ

ወረታ ውስጥ በሩዝ መፈልፈያው ቤት አጠገብ ሳልፍ፣ ሞተሩ ሲነሣ የሚሰማው ያ ደረቅ ጉርምርምታ ሁልጊዜ ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል። ከድምፁ ጋር አብሮ የሚመጣብኝ ደግሞ የእናኑ መዳፍ ነው። ታናሽ እኅቴ እናኑ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፤ አባቴ ሩዙን በአህያ ጭኖ ሊያስፈለፍል ሲሄድ እኛን ካስከተለን፣ እኔ ጩኸቱን ሸሽቼ ጆሮዬን ይዤ ስቆም፣ እሷ ግን ሁለት እጇን በመፈልፈያው ቤት ግድግዳ ላይ ዘርግታ፣ ጉንጯን ቆርቆሮው ላይ ለጥፋ፣ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ፈገግ እንዳለች ትቆይ ነበር። ሲጠፋም ወደኔ ዞራ ደረቷን መታ መታ ታደርግና «እዚህ ገባ» ትለኝ ነበር፣ በእጇ።

ቤታችን ከወረታ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ፣ የፎገራ ሜዳ ወደ ርብ ወንዝ በሚዘልቅበት በኩል ነበር። ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ ደግሞ መሬቱ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚያወጣበት አገር ነው። ቤት ውስጥ የእጅ ንግግር ነበረን፤ ማንም ያስተማረን የለም፣ ከእናኑ ጋር እየኖርን ያበጀነው ነው። እማየ ግንባሯ ላይ ንቅሳት ስለነበራት እናኑ ጣቷን ግንባሯ ላይ ካሳረፈች እማየን ማለቷ ነበር። አባቴ ጢሙ ነበር፣ ታላቃችን ጥሩወርቅ ሹሩባዋ። እኔ ደግሞ ከቤቱ ትምህርት ቤት የምሄድ እኔ ብቻ ስለነበርሁ ደብተር ሆንሁ፤ ግራ ክንዷን ወደ ብብቷ ጥብቅ ስታደርግ ስሜን፣ የሺ ብላ መጥራቷ ነው። ጧት ጧት ስወጣ እሷም የእንጨት ፍላጭ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ትከተለኝ ነበር፤ አጥሩን እስክናልፍ ዝም እላትና ከዚያ ድንጋይ አንሥቼ እያስፈራራሁ እመልሳታለሁ። ፍላጩን ሳትለቅ ድንጋዩን እያየች ወደ ኋላዋ ትመለስ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን አላፈርሁም።

ጥቅምት ሲገባ ሩዙ ፍሬውን ይዞ ያዘነብላል፣ ወፍም ይወርድበታል። ወፍ ጥበቃ የእናኑ ሥራ ነበር። የጎረቤት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ሲጮኹ፣ እሷ ዝም ብላ በዓይኗ ታስስ ነበር፤ መንጋው ገና ከወንዙ ዳር ዛፎች ሲነሣ ታየውና ወንጭፏን አዙራ ትጠብቀዋለች። አባቴ «የኔ ልጅ ዓይኗ ጆሮም ነው» እያለ ይኮራባት ነበር። እማየ ይህን ኩራት አትወድለትም። ለእሷ የእናኑ ነገር ገመና ነበር፤ ገመና ደግሞ ይሸፈናል እንጂ ጎረቤት ጠርተው አያሳዩትም።

ሦስተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት ለጥሩወርቅ ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚል ወሬ መጣ። ልጁ ወደ አንበሳሜ በኩል ካለ፣ በሬና ላም ከሞላው ቤት ነው ተባለ። በኛ አገር ሽማግሌ ደጅ ከመድረሱ በፊት ዘር ይጣራል፤ በዚያ ቤት የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ ማየት የተሳነው አለ ወይ፣ ዱዳ አለ ወይ እየተባለ በገበያና በማኅበር ይጠየቃል። ስለዚህ እማየ ወፍ ቢኖርም ባይኖርም እናኑን ከጧት እስከ ማታ ማማ ላይ ታውላት ጀመር፣ ምሳዋንም እኔ እወስድላት ነበር።

መዝጋቢው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከወረዳ የተላከ ወጣት ሲሆን፣ ቤት ለቤት እየመራ የሚያሳየው ጎረቤታችን አያ ሞላ ነበር። በእጁ ትልቅ መዝገብ ይዟል፣ ጫማው በጭቃ ከብዶታል። እማየ ደጃፍ ላይ በርጩማ አወጣችለት።

«እናቴ፣ የማይሰማ፣ የማያይ፣ ወይም መሄድ የቸገረው ልጅ ቤትዎ አለ?» አላት።

«ለምኑ ነው?»

«ለድጋፍ ነው።»

እማየ ድጋፍ ሲባል የምታውቀው ስንዴና ዘይት ነበር። በክፉ ዘመን ሰው ተሰልፎ ሲቀበል አይታለች። ለአንድ ቁና ስንዴ ብላ ልጇን ወረቀት ላይ አስፍራ፣ ወረቀቱም ሽማግሌዎቹ ጆሮ እንዲደርስ አልፈለገችም። እሱም ድጋፍ ያለው ምን እንደሆነ አላብራራም፤ ስንት ቤት ሲዞር የዋለ ሰው ነው።

«ተመስገን፣ የጎደለብን የለም» አለች። «ልጆቼ ሁሉ ደኅና ናቸው።»

አያ ሞላ ራቅ ብለው የቆሙትን ከብቶች ያይ ነበር። እናኑን ከነወንጭፏ ያውቃታል፤ ግን የጎረቤት ገመና አያወጡም። መዝጋቢው ሊነሣ ሲል አጥሩ ላይ የተሰጣች ትንሽ ቀሚስ ዓይኑ ውስጥ ገባች። ወደኔ ዞረና «አንቺ ተማሪዋ፣ ልጅ አይዋሽም፤ ታናሽ አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም፤ ታላቄ ጥሩወርቅ ብቻ ናት» አልሁት።

«ቀሚሷስ?»

«የኔ ናት።»

ቀሚሷ ለኔ ቢበዛ እስከ እንብርቴ ብትደርስ ነው። እሱ ግን ሣቀ፣ ጎበዝ ተማሪ ነሽ አለና ከደረት ኪሱ አንድ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጠኝ። መዝገቡ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፣ እማየም አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች። ማንም ሲዋሽ ሽልማት እንደማይሰጠው ተምሬ ስለነበር፣ እስክሪብቶው እጄ ከገባ በኋላ ያልሁት ነገር ውሸት መሆኑ ራሱ አጠራጠረኝ። በዚያ ቀን ምሳ ይዤ ስሄድ እናኑ እስክሪብቶውን ተቀብላ መዳፏ ላይ አሰመረችበትና እስኪደርቅ እፍ ስትልበት አየኋት።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ነገሩም አለቀ፣ በጥር ሰርግ ተደገሰ። በሰርጉ ቀን እናኑን ጎረቤት አስቀመጥናት። ከሰርጉ በኋላ ግን ለቅልቅሉ የልጁ እናት እትየ ጠጄ ዘመዶቻቸውን አስከትለው እኛ ቤት መጡ፤ ጠግበው፣ መርቀው፣ ሊነሡ ሲሉ ዙሪያቸውን ቃኙ።

«ትንሿስ የታለች? ወፍ ጠባቂዋ?» አሉ።

«የቷ?» አለች እማየ።

«የማትሰማዋን ነዋ። ገበያ ስንወርድ ከመንገድ እናያታለን፤ ሽማግሌ ሳንልክ ነው ያወቅነው። ምን ታፍሪያለሽ፣ የባለቤቴ ወንድም ልጅም እንደሷው ናት፤ እኛም እንዳትሰሙብን ፈርተን ነበር። መዝጋቢው ሲመጣ ግን እንደፈለገ ይሁን ብለን አስመዘገብናት፣ አሁን ከተማ ትምህርት ቤት ገብታለች። በእጅ ነው አሉ የሚያስተምሯቸው። ለጥምቀት መጥታ ስሟን መሬት ላይ ጽፋ አሳየችን። የናንተንም አብረው የወሰዷት መስሎኝ እኮ ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የእማየ የባሰ ነው፤ የቆጡ በራሱ ጊዜ ሊወርድ ነበር። እንግዶቹን ሸኝታ ተመለሰችና በርጩማው ላይ፣ ያው መዝጋቢው የተቀመጠበት ላይ፣ ተቀመጠች። አባቴ ለምን ብሎ አልተቆጣም። «ነገ ወረታ እንሄዳለን» ብቻ አለ።

በማግሥቱ ሦስታችን ሄድን፤ እኔ ጽሑፍ ስለማነብ፣ እናኑ ደግሞ እንድትታይ። እናኑ ትምህርት ቤት እንደምትገባ ነግሬያት ነበር፤ ብብቴን ጥብቅ አድርጌ ወደሷ ስጠቁም ዓይኗ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፍላጯን ሸጉጣ መጣች። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን፣ ሌላው የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ነው አለን፣ ሦስተኛው ወደ መጀመሪያው መለሰን። ከሰዓት በኋላ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው መዝገቡን አውጥቶ የቀበሌያችንን ገጽ ገለጠና የአባቴን ስም በጣቱ እየተከተለ አገኘው።

«አባቴ፣ የእርስዎ ቤት ተጠይቋል፤ የለም ተብሏል። ይኸው ጣትም አለበት።»

«ልጂቱ ይችውና» አለ አባቴ፣ እናኑን ወደፊት እያቀረበ። «የለችም የተባለችው ቆማለች።»

ሰውየው እናኑን አያት፣ እሷም መዝገቡን ታይ ነበር። «አያታለሁ አባቴ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። ልጆቹ በዚህ መዝገብ ተወስደው ቦታው ሞልቷል። ሌላ ምዝገባ ሲኖር ማስታወቂያ እንለጥፋለን፤ እሱን ይጠብቁ።»

አባቴ ወደኔ ዞሮ «የሺ፣ ምን ብለው ጻፉ? አንብቢልኝ» አለኝ። ከስሙ ትይዩ «የለም» ይላል፤ ከሥሩም በትንሹ «በልጅ ተረጋግጧል» የሚል ነበር። የላይኛውን ብቻ አነበብሁለት። የታችኛውን እስኪሞት ድረስ አልነገርሁትም። በመልስ መንገድ እናኑ ነገ ነው ወይ እያለች በእጇ ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ እኔም ነገ አይደለም፣ ከነገ ወዲያ እያልሁ አመጣኋት። ወር ወይም ዓመት የምንልበት ምልክት አልነበረንም።

በዐቢይ ጾም እማየ ይዛን ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረደች። በቤት መደበቁን ትታ አሁን በአደባባይ እግዜርን ለመነችላት። እናኑ ፍል ውሃውን ወደደችው፤ ጉንጯ ቀልቶ፣ እንፋሎቱን በእጇ እየጨበጠች ትሥቅ ነበር። እማየ ጆሮዋን እያጠበች ስትጸልይ ቆየችና በሰባተኛው ቀን ከኋላዋ ሆና «እናኑ» ብላ ጠራቻት። እናኑ ዞረች። እማየ እልል አለች፣ መሬት ሳመች፣ የማናውቃቸው ሰዎች ሁሉ አብረዋት እልል አሉ። እንደገና ጠራቻት፣ አልዞረችም። ሦስተኛ ጊዜ ጮኻ ጠራቻት። እናኑ በውሃው ላይ የወደቀ ቅጠል ታባርር ነበር። እማየ ልብሷን ሰበሰበች፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ወንዛዬ አልተመለስንም።

ማስታወቂያው የተለጠፈው በነሐሴ ነው። በነሐሴ ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ከኛ መንደር ወረታ ለመድረስ የጨነቀው ብቻ ይሞክራል፤ ለወረቀት ብሎ የሚሻገር የለም፣ ወረቀቱ መኖሩንም የሚነግር አልነበረም። መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል አባቴና እኔ ሄድን። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነበረ፣ ዝናብ ቀለሙን አጥቦት። ያነበብሁት «መስማት ለተሳናቸው» የሚለውንና ያለፈ ቀን ብቻ ነው። በተከታዩ ዓመት ደመራ እንዳለፈ ስንሄድ፣ ልጆቹን ወስዶ ያስተምር የነበረው ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሄዷል አሉን። እናኑ ፍላጩን መቼ እንደጣለችው አላየሁም። አንድ ጧት ዞር ስል አልተከተለችኝም ነበር፤ ያን ቀን ያነሣሁትን ድንጋይ እጄ ላይ ይዤ ቆምሁ።

አሁን ወረታ ነው የምኖረው፣ አስተምራለሁ። እማየም አባቴም አርፈዋል። ጥሩወርቅ ባሏ አገር ሆና የእጅ ንግግራችን ጠፍቶባታል፤ ስትመጣ እናኑን አቅፋ ታለቅሳለች እንጂ የምትላት አይኖራትም። እናኑ ከኔ ጋር ናት፣ በዚያው መፈልፈያ ቤት ሩዝ ታበጥራለች። አምስት ሆነን እንናገረው የነበረው ንግግር ዛሬ ሁለት ሰው ቀርቶታል።

እኔም እንደ አባቴ ቢሮ ለቢሮ ዞሬያለሁ፣ ሬዲዮ ላይ ወደ ሰማሁት ቁጥር ደውያለሁ። ልጆችን የሚቀበለው ትምህርት ቤት ዕድሜዋ አልፏል ይላል፤ ትልልቆችን የሚያሠለጥነው የምልክት ቋንቋ መቻል አለባት ይላል፤ የምልክት ቋንቋ የት ትማር ስል ልጆችን ወደሚቀበለው ይልከኛል። አንድ እሑድ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሲያወሩ በስልኬ አሳየኋት። ትንፋሿን ይዛ አየች፣ እጇን አንሥታ አንዱን ልትከተል ሞከረችና መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደነሱ ጠቁማ ብብቷን ጥብቅ አደረገች። የተማሩ ናቸው ማለቷ ነበር።

ያን ቀን ልነግራት ፈለግሁ። ራሴን አሳየሁ፣ አፌን አሳየሁ፣ እሷን አሳየሁ። መዝገብ፣ መዝጋቢ፣ ውሸት፣ ስም፣ ለአንዱም ምልክት የለንም። እናኑ እጆቼን እያየች ቀሪውን ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ በኋላ ትከሻዬን መታ አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ያኔ ሰው ከወረዳ ድረስ በጭቃ መጥቶ ጠየቀኝና የለችም አልሁ። ዛሬ የሚጠይቀኝ የለም፤ እኔው ሄጄ አለች እላለሁ፣ በትሕትና ይሰሙኛል፣ ይጽፉታል፣ እመለሳለሁ። እናኑ ከመፈልፈያው ስትገባ ቤት ካጣችኝ ደጅ ወጥታ የሰፈሩን ሰው ትጠይቃለች አሉ። ክንዷን ብብቷ ላይ ጥብቅ እያደረገች በየተራ ፊታቸውን ታያለች፤ ብርድ የመታት መስሏቸው ነጠላ ይደርቡላታል። ስሜን እየጠራች እንደሆነ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።