ክሩ የደረሰበት ኮረብታ

ሲይዙኝ እጄን አላሰሩትም። መቶ አለቃው ካርቶኑን እንደ ሰፌድ በሁለት እጁ ይዞ፣ በላዩ ያለው ቦሎቄ እንዳይፈስ እየተጠነቀቀ ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ከኋላው፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ደግሞ ከእኔ ኋላ። በአሰበ ተፈሪ ዋና መንገድ በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ተሰልፈን ስናልፍ ላየን ሰው ድግስ ቤት የምንሄድ እንመስል ነበር። በየቀኑ ሰላም የሚሉኝ ባለሱቆች ግን ያን ቀን ሁሉም ዕቃ መደርደር ጀመሩ።

ካርቶኑ ጨዋታ ነበር። ያኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ተማሪ በካርታ ላይ የከፍታ መስመር ሲያይ የተጠላለፈ ክር ይመስለዋል እንጂ ኮረብታ መሆኑን አያምንም። ዩኒቨርስቲ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር መምህራችን በወረቀት ላይ ጦር የሚያዋጋበት ጨዋታ ነበረው። እኔም እሱን አስታውሼ ያካባቢያችንን መሬት ካርቶን ላይ ነደፍኩ፤ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ቤቶች ከፋፈልኩት፤ በየቤቱ ከአንድ እስከ ሦስት የከፍታ ቁጥር ጻፍኩበት። ነጭ ቦሎቄ አንዱ ጦር ነው፣ ቀይ ቦሎቄ ሌላው። አንዱ ሌላውን መምታት የሚችለው ካየው ብቻ ነው። ማየት አለማየቱ የሚታወቀው ከቤት እስከ ቤት ክር ተወጥሮ ነው፤ ክሩ መሃል ላይ ከሁለቱም ከፍ ያለ መሬት ካገኘ አይተያዩም። ባዘቶ ጥጥ ደግሞ ጭስ ነው፤ ቁመቱ ሁለት። ሦስት ላይ የቆመ ሰው ከጭሱ ማዶ ያለውን አሻግሮ ያያል፤ ጭሱ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አያይም።

ጦር ያለ ካምፕ አይሆንምና ከከተማው ዳር ያለውን ካምፕም ነደፍኩት። በእነዚያ ዓመታት የጦር ካምፕ ነድፎ አልጋው ሥር ያስቀመጠ ሌላ አስተማሪ በአገሩ ይኖር አይመስለኝም። ብልህ ነኝ የሚል ሞኝ ነበርኩ።

የገባሁበት ቤት የቡና መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የቡና ገለፈት፣ ላብ፣ የሽንት ባልዲ። ቀጥሎ እግሮች ታዩኝ። ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ እግሩን ወደ መሃል ዘርግቷል፤ ለአንድ ተጨማሪ እግር ቦታ የለም። አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን አጠፉና ከጎናቸው ያለውን መሬት መታ መታ አደረጉልኝ። ጠመኔ የነካውን ኮቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ ሥራዬን አልጠየቁኝም።

«ና ቁጭ በል መምህር። አንተ ምን አደረግክ?»

«ጨዋታ ሠራሁ።»

«እኔ ጭስ» አሉ።

በአጠገባችን ያሉት ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሽማግሌው ወደ ሚኤሶ በሚወርደው መንገድ በኩል ካለ ገደል ውስጥ ከሰል የሚያከስሉ ሰው ናቸው። በሕዳር ሚካኤል ጠዋት ሦስት የጦር መኪናዎች ከካምፑ ወጥተው ወደ ሚኤሶ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ላይ ተተኮሰባቸው፤ ወታደሮች ሞቱ። አንድ ሰው መኪናዎቹ ሲነሡ አይቶ በጭስ ምልክት ሰጥቷል ተባለ። በዚያ ሰዓት ሲጨስ የታየው ደግሞ የሽማግሌው የከሰል ጉድጓድ ነው። ስድስት ሳምንት መርምረዋቸዋል። ሽንት ቤት የሚሄዱት በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ሆነው ነበር።

«ከሰል ሳይጨስ ይከሰላል እንዴ?» ይሉ ነበር። «ጭስ አፍ የለው። ምን ብሎ ይናገራል?»

ካመኑ እንደሚገደሉ፣ ካላመኑም ብዙ እንደማይቆዩ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሳቸውም ያውቁት ነበር። እግራቸውን በጨርቅ የማስረው እኔ ሆንኩ፤ አባባ እላቸው ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ተጠራሁ። ዱላ ጠብቄ ስገባ ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ቦሎቄው በየቦታው ነው፤ ክሩ በአንድ በኩል፣ ጥጡ በክብሪት ሳጥኑ ውስጥ በሌላ በኩል። መቶ አለቃው ከምሥራቁ ጦርነት የተመለሰ የመድፍ ሰው ነበር፤ አንድ ጆሮው አይሰማም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ይሄ እኮ ለተማሪዎች…»

«ጓድህ አይደለሁም። አጫውተኝ።»

አጫወትኩት። ሕጉን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኩት። በሁለተኛው ተራ ላይ ቀይ ቦሎቄዎቹን ከገደል ሥር ሸሸጋቸው፤ በአምስተኛው የእኔ ግማሽ ጦር አለቀ። ደነገጥኩ፤ ከዚያም እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እንደዚያ የገባው ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። ሁለታችንም ካርቶኑ ላይ አጎንብሰን ሳለ መታሰሬን ረስቼው ነበር። ዛሬም ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

ሽማግሌውን ማዳን እንደምችል የታየኝ ያኔ ነው። ገደላቸው ካርቶኑ ላይ አለ፤ ከፍታው አንድ። የካምፑም ከፍታ አንድ። በመሃላቸው ከፍታው ሁለት የሆነ ጋራ አለ።

«ከከሰሉ ጉድጓድ ካምፑ አይታይም» አልኩት። «ያላየ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ምልክት ይሰጣል?»

ክሩን ተቀብሎኝ ራሱ ወጠረው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጋራው ላይ በጣቱ ተጫነ።

«አይታይም» አለ።

ዝም ማለት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው።

«ታዲያ ከየት ይታያል?» አለኝ፤ እንደ ተማሪ ለስለስ ብሎ።

ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ መቶ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው እጁን አያግድም። የክሩን ጫፍ ይዤ ከገደሉ በላይ ወዳለው፣ ሦስት ቁጥር ወደ ጻፍኩበት ኮረብታ ወሰድኩት። ከዚያ ላይ ክሩ ጋራውን አልፎ ካምፑ መሃል ወረደ።

«ሰው ከሚኖርበት ቦታ፣ ከዚህ ብቻ» አልኩ።

እዚያ ኮረብታ ላይ ሰው የሚኖርባቸው ሦስት ቤቶች አሉ። መቶ አለቃው ማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ሲጽፍ ነው ያደረግሁት የገባኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ የጣት ነበር።

በማግስቱ ከኮረብታው ሦስት ሰዎች አመጡ። ሽማግሌው ሲያዩአቸው በዚያ እግራቸው ሊነሡ ሞከሩ። አንደኛው የልጃቸው ባል ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው፤ ከአማቱ አጠገብ ተቀምጦ እግራቸውን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሦስተኛው ጠዋት በሩ ተከፈተና እሱ ብቻ ተጠራ። ጠባቂው ለጓደኛው ሲናገር ሰማነው፤ «አማቹ አየ፣ አማቱ አጨሰ። ተገናኘ።»

ሽማግሌውን ነፃ ያወጣሁ መስሎኝ ነበር። አማቻቸውን ጨምሬ ነው ያሰርኳቸው።

የቀረኝ ነገር መናገር ብቻ ነበር፤ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርቶኑን፣ ክሩን፣ ጣቴን። እንዲሰድቡኝ ፈለግሁ።

«ያን ቀን ክር አልነበረም መምህር» አሉ። «ያን ቀን ምን ነበረ?»

«አልገባኝም አባባ።»

«ኣራ። ጭስ። የእናንተ የማጠኛ ቀን አይደል እንዴ? እኔ ያን ጠዋት አህያዋን ጭኜ ጋራው ጫፍ ወጣሁ፣ ከሰል ልሸጥ። ወደ ታች አያለሁ፣ ጭሮ፣ እናንተ አሰበ ተፈሪ የምትሉት፣ የለም። ወላሂ፣ ከተማ የለም፣ ካምፕ የለም፣ ሁሉ ነጭ። አህያዋ አልወርድም አለች፣ እኔም ተመለስኩ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ለነሱ አላልኩም። ጫፉ ላይ ነበርክ ብለው ይጨርሱኛል። ለአንተ ነው የነገርኩህ።»

ራሴን በጥፊ ብመታ ደስ ባለኝ ነበር። ሕዳር ሲታጠን! በሕዳር ሚካኤል በየግቢው ቆሻሻና ቅጠል ተሰብስቦ በሽታ እንዲያባርር ይጨሳል፤ የጠዋቱ ብርድ ደግሞ ጭሱን አላስነሣ ብሎ ከተማው ላይ ያስተኛዋል። እኔ ራሴ ያን ጠዋት በግቢዬ ስቆሰቁስ ዓይኔ ሲያለቅስ ነበር። ከዚያ የጭስን ሕግ ያወጣሁት ሰውዬ፣ የሰው ነፍስ ጠረጴዛ ላይ ሳለ፣ የክብሪት ሳጥኑን ሳልከፍተው ወጣሁ።

በዚያ ቤት ምርመራ የሚወሰድ አለ እንጂ ውሰዱኝ የሚል የለም። ሄጄ በሩን መታሁ።

«አመመህ?» አለ ጠባቂው።

«ምርመራ ውሰደኝ።»

ደግሜ እንድናገር አደረገኝ። ከዚያ ወደ ምርመራው ክፍል ወሰደኝ። መቶ አለቃው ቀና ብሎ ሲያየኝ ሳጥኑን ከፈትኩና ጥጡን በታትኜ ከተማውን በሙሉ፣ ካምፑንም ጨምሬ ሸፈንኩት።

«ሕዳር ሚካኤል ነበር» አልኩ።

ጥጡን ተመለከተው። «ጭስ ሁለት ነው፣ ኮረብታው ሦስት። በራስህ ሕግ በላዩ ያያል።»

«ከጭሱ ማዶ ያለውን ያያል። ጭሱ ውስጥ ያለውን አያይም። ካምፑ ውስጡ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። በግቢዬ ያጠንኩት እኔ ነኝ። የእርስዎም ወታደሮች በካምፑ አጥር ሥር ቆሻሻ ሲያጨሱ ነበር።»

ወንበሩን ተደገፈ። «አውቃለሁ» አለ። «እኔም ስስል ነው የዋልኩት።»

ያውቅ ነበር። ያንን ያህል የደነገጥኩበት ቀን በሕይወቴ የለም፤ ዱላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አንድ ነጭ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ።

«ዘግይተሃል። አንደኛው ዛሬ ጠዋት ወደ ሐረር ተልኳል፤ እሱ ከእጄ ወጥቷል። ሁለቱንና ሽማግሌውን መልቀቅ እችላለሁ። መዝገቡን ለመዝጋት ግን ኮረብታውን የጠቆመው ሰው መዋሸቱን መፈረም አለበት። ዋጋውን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

እሱ እንዲያጽፈኝ አልጠበቅሁም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በምጽፈው ዓይነት፣ ፊደሉን አስተካክዬ «ኮረብታውን በሐሰት ጠቁሜአለሁ» ብዬ ጻፍኩና ከነአባቴ ስም ፈረምኩ። የዚያች አንዲት መስመር ዋጋ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

ሁለቱ ጎረቤታሞችና ሽማግሌው በሳምንቱ ተፈቱ። ሽማግሌው ሲወጡ እጄን ይዘው ቆዩ፤ ስለ አማቻቸው አልጠየቁኝም። ከሐረር የተመለሰ ሰው የለም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው ወደ ኮረብታው የወጣሁት። ከዚያ በፊት ወጥቼበት አላውቅም፤ ከተፈታሁ በኋላ ድፍረቱን አጣሁ፣ ከመታሰሬ በፊት ደግሞ ጉዳይ አልነበረኝም። ሽማግሌው አርፈዋል። ልጃቸው በሯ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ስሜን ስነግራት ከአባቷ ሰምታ ነበርና ውሃ ሰጠችኝ። እኔ ጠጥቼ ስጨርስ ሳላስበው ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩና ወደ ከተማው አቅጣጫ እመለከት ጀመር።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

«ካምፑን ነው እኅቴ። ካምፑ በየት በኩል ነው?»

«እሱ ከዚህ አይታይም» አለች ከበቆሎው ቀና ሳትል። «ጋራው ይጋርደዋል። ማየት ከፈለግክ ወደ ላይ፣ እስከ ጫፉ መውጣት አለብህ። እዚያ ሰው የለም።»

አየሁ። ጋራው ፊት ለፊቴ ነበር፤ ከእኔም ከፍ ይላል። ያን ካርቶን ስነድፍ የዚህ ኮረብታ ጥግ በቀዳሁበት የመንግሥት ካርታ ላይ አልነበረም። ከትምህርት ቤታችን ሜዳ ጫፉ ይታየኝ ስለነበር በግምት ሦስት ብዬ ጻፍኩበት። ቤቶቹ ያሉት ከጫፉ ብዙ ዝቅ ብሎ ነው። ሁለት እንኳ አይሞሉም። በጠራ ቀንም ቢሆን፣ ጭስ ሳይኖርም፣ ከዚያ በር ላይ ቆሞ ካምፑን ያየ ሰው የለም።

ተቀመጥኩና ለእሷም ሁሉንም ነገርኳት። ለአባቷ ስነግራቸው የማላውቀውን፣ የሦስት ቁጥሩን ስህተት፣ ጨምሬ ነገርኳት። መፈልፈሏን ትታ ሰማችኝ።

«ባሌን ሊወስዱት ሲመጡ እሱ ነግሯቸዋል» አለች። «ቅድም አንተ የቆምክበት ቆሞ ነው የነገራቸው። ‹እዚህ ቁሙና እዩ፣ ካምፑ የት አለ?› አላቸው። እነሱ አላዩም። ወረቀት ይዘው ነበር፣ ወረቀቱን ነው ያዩት።»

አሁን ጡረታ ከወጣሁ ቆይቷል። እስር ቤት ሳለህ ምን አደረግክ ብለው ሲጠይቁኝ ያን ፊርማ እነግራቸው ነበር። ስፈርም ለሰው ነፍስ ብዬ የምዋሽ መስሎኝ ኮርቼ ነበር፤ ለዓመታትም ኮራሁበት። ኮረብታውን በሐሰት ጠቁሜአለሁ ብዬ የጻፍኩት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው እውነት ነበር።