ባሏ ጅዳ ነው

...ዘይነባ መጀመሪያ የሰጠችኝ ግራ እጇን ነበር መሰለኝ። ወይ ቀኙን። ለብ ባለው ውሃ ጣቶቿን ዘፍዝፌ ቀና ስል፣ እሷ አጠገባችን የተቀመጠችውን ሱዳናዊት ጥቁር ሂና የተሣለበት እጅ እያየች ነበር። ይሄን በደንብ አስታውሳለሁ። ዓይኗን ከዚያ እጅ ላይ መንቀል አቅቷት ነበር።

ያኔ ካርቱም ገና ሰው የሞላባት ከተማ ነበረች። እኔ አል-ሳሃፋ ውስጥ አንድ የሴቶች ማሠልጠኛ ኮሌጅ፣ ከሰዓት ከሰዓት የፀጉርና የጥፍር ሥራ እማር ነበር። የዚያን ቀን የተግባር ፈተና ነው። እያንዳንዳችን እጅና እግሯን የምንሠራላት አንዲት ሴት ይዘን እንድንመጣ ታዘናል። እኔ ያመጣሁት ዘይነባን ነው። እንደኔው የወሎ ልጅ ናት፣ አርካዊት የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች።

ጥፍሯን ሞረድኩ። ዙሪያውን ያለውን ቆዳ ቀስ ብዬ ገፋሁ። በረኪና የበላው እጅ ነው... ትንሽ ጠንከር ካልኩ ይደማል። ቀለም ልመርጥላት ስል እጇን ሰበሰበችው።

«ቀለሙን ተይው ሰዓዳ። ሂና አድርጊልኝ። እጄንም እግሬንም። ጥቁሩን።»

ሂናውም ከፈተናው ይቆጠርልኛል። ግን ሳቄ መጣ። አገራችን ለዒድ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሴት ሁሉ እንሶስላ ይሞቃል። እዚህ ደግሞ እጅና እግሯን እንዲያ በጥቁር ሂና የምታስጌጥ ባል ያላት ናት። አዲስ የሚመጡ ልጆቻችን ይሄን ሳያውቁ ሞቀው ይወጡና፣ መንገዱ ሁሉ «መብሩክ!» ይላቸዋል፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እሷም የተሳሳተች መሰለኝ።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ እንሶስላ አይደለም። ያገባሽ ነው የምትመስይው።»

«አውቃለሁ።»

ሞረዱን አስቀመጥኩት።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የማዳም ወንድም እነሱ ቤት ከመጣ ሰንብቷል። ማድቤት ስትገባ ይገባል። ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ይወጣል። አንድ ቀን ክንዷን ይዞ አልለቅም ብሏታል። ለማዳም ብትናገር... ማዳም የምታምነው ወንድሟን ነው። ፓስፖርቷም ያለው ማዳም ጋ ነው።

«ታዲያ ሂናው ምን ያደርግልሻል?»

«የሰው ሚስት ሐራም ናት ሲል ሰምቼዋለሁ። ለጓደኛው ሲያወራ፣ በዚህ ጆሮዬ። ወላሂ!» ትከሻዋን ሰበቀች። «እንግዲህ እኔም የሰው ሚስት ልሁና።»

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልቀለደችም።

ሂናውን እያቦካሁ ሳለ ኡስታዛ መጣች። አስተማሪያችንን እንደዚያ ነበር የምንጠራት።

«ሙተዘውጃ?» አለችኝ በዓይኗ ወደ ዘይነባ እያመለከተች። አግብታለች ወይ?

ዘይነባ ቀደመችኝ።

«አይዋ!»

«ባልሽ የት ነው?»

«ጅዳ።»

«መቼ ነው ያገባሽው?»

«ጁምዓ!»

ዕድሜዬን እንደዚያ የፈጠነ ኒካሕ አላየሁም።

ኡስታዛ እልልታዋን ለቀቀችው። ተማሪዎቹ ሞረዳቸውን እየጣሉ መጥተው ከበቡን፣ የሙሽራ ዘፈን እየዘፈኑ አጨበጨቡ። አንዷ ከቦርሳዋ ኹምራ አወጣች... ያገቡ ሴቶች ለባላቸው የሚቀቡት ከባድ ሽቶ ነው። «ባሌ የለም ብለሽ እንዳትተይው፣ ሙሽራ እኮ ነሽ!» እያለች አንገቷን ቀባቻት። ዘይነባ ሳቀች። ከልቧ። ለአንድ አፍታ እሷም ያገባች መሰላት መሰለኝ።

እኔ መዳፏ ላይ አበባ፣ አንጓዋ ላይ ቅጠል እየሣልኩ ነበር። «ነጂሕቲ!» አለችኝ ኡስታዛ። አለፍሽ።

ደርቆ ከታጠበ በኋላ መስታወት ፊት አቆምኳት። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። እኛ የፈለግነው እንዲርቃት ነበር። መስታወቱ ውስጥ የቆመችው ግን... ሰው መንገድ ላይ ዞሮ የሚያያት ሴት ናት። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ይሄዳል።

«ዘይኑ፣ እናስለቅቀው ይሆን?»

«ኧረ ተይኝ! ደግሞስ በምን ይለቃል?»

እውነቷን ነው። ጥቁሩ እስኪደበዝዝ ይቆያል እንጂ አይለቅም።

ረክሻ፣ የኛን ባጃጅ፣ ያዝንና ወደ አርካዊት። ሹፌሩ እጇን አይቶ መብሩክ አላት።

«አየሽ? ይሠራል» አለችኝ በአማርኛ፣ በክርኗ እየጎሰመችኝ።

«ማዳም ቤት አለች?»

«አለች። አብሽሪ።»

በሩን የከፈተው እሱ ነው፣ የማዳም ወንድም። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ከጠበቅሁት በላይ ወጣት ነው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሽማግሌ አድርጌ ነበር ያሰብኩት።

«ማዳምስ?» አለችው ዘይነባ።

«ወጥታለች።»

ሻርፗን ለማስተካከል ሁለት እጇን አነሳች። ሻርፑ ምንም አልሆነም ነበር። እጇን እንዲያይላት ነው። አየላት። ጣቶቿን፣ አንጓዋን፣ ከዚያ ቁልቁል እግሯን... ቀስ እያለ።

«መብሩክ» አለ። «ሙሽራው የታል?»

«ጅዳ።»

ፈገግ አለ።

«ጅዳ ሩቅ ነው።»

ዘይነባ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ገባች። እሱ ወደኔ ዞረ።

«ኸላስ፣ አንቺ ሂጂ።»

ልሄድ ነበር። እውነቴን ነው፣ ግማሽ ዞሬ ነበር። ከዚያ ግን፣ ብቻዋን ትቻት መሄድ አቅቶኝ፣ «ውሃ ጠምቶኛል» አልኩት።

በዚያ ከተማ ውሃ የጠየቀን ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ነው። ማዶ በራቸው ላይ የተቀመጡ ሴቶች ወደኛ ያያሉ። እሱም አያቸው። እኔን አየኝ። ከበሩ ፈቀቅ አለ።

ገባሁ።

በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።